እውነት ወይስ ተረት? ነርስ ስታስተምር ማን ይከፍላል?

ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወጋ፣ የአስም ኢንሄለር እንዴት እንደሚሳብ፣ የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ የት እንደሚታሰር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል እንዴት እንደሚጠረግ፤ በአሜሪካ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ይህን ሁሉ ለታካሚው አብዛኛውን ጊዜ የምታሳየው ነርስ ናት። መድኃኒቱን ሐኪሙ ያዛል። የታዘዘው መድኃኒት ቤት ከገባ በኋላ በትክክል መወሰዱ ግን ነርሷ ባስተማረችው ላይ ይንጠለጠላል።

ይህ ትምህርት በቢል ላይ እንዴት እንደሚመጣ በትክክል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ በሚኒያፖሊስም ሆነ በሲያትል በወገኖቻችን መካከል ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ብዙ የተሳሳተ ነገር አለ። አንዱ «ነፃ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ቢሉ ሲመጣ ይደነግጥና ዳግመኛ አይመለስም። ሌላው ገና ቢሉን ፈርቶ ከቀጠሮው ይቀራል። ሁለቱም የሚያጡት ያንኑ ትምህርት ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

የነርስ ትምህርት ሕክምና ነው። ሕክምና ስለሆነም የክፍያ ሕግ አለው። ሕጉ ሲጠቀለል አራት ጥያቄ ነው፦ ማን አስተማረ? ማን አዘዘ? የት ተሰጠ? ምን ተጻፈ? ከዚህ በታች ያሉትን ተረቶች በእነዚህ አራት ጥያቄዎች እየመዘንን እንለፍ። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ «ምክር ምክር ነው፤ ለምክር ገንዘብ አይጠየቅም»

እውነቱ፦ አንዳንዱ አይጠየቅበትም፤ አንዳንዱ ይጠየቅበታል። የሚለየው ቦታውና የትምህርቱ ዓይነት ነው።

ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ነርሷ አልጋዎ አጠገብ ተቀምጣ ስለ መድኃኒትዎ ብታስተምርዎ፣ ሊወጡ ሲሉም የቤት ውስጥ ጥንቃቄውን ብታስረዳዎ፣ ለዚያ ተለይቶ የሚመጣ ቢል የለም። የነርሶች አገልግሎት በአልጋው ሂሳብ ውስጥ ይጠቃለላል። የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የፌዴራል ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬር ከ1983 ጀምሮ ለተኝቶ ታካሚዎች በሕመሙ ዓይነት አስቀድሞ የተተመነ አንድ ጠቅላላ ክፍያ ለሆስፒታሉ ይከፍላል፤ የነርሷ ማስተማርም በዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ «ይህን ብጠይቃት ያስከፍለኝ ይሆን?» ብለው ጥያቄዎን አይዋጡ። እስኪገባዎ ይጠይቁ።

በተመላላሽ ክሊኒክ ነገሩ ይለያል። ኢንሹራንሶች የሚከፍሉት የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በሚያዘጋጀው ሲፒቲ በሚባለው የኮድ ዝርዝርና ሜዲኬር ራሱ በጨመራቸው ኮዶች ነው። ኢንሄለር ወይም ኔቡላይዘር አጠቃቀምን አሳይቶ ታካሚው በትክክል መያዙን ለማየት 94664 የሚባል ኮድ አለ። በተዘጋጀ ሥርዓተ ትምህርት ራስን መንከባከብ ለማስተማር ደግሞ ከ98960 እስከ 98962 ያሉት ኮዶች አሉ፤ የመጀመሪያው ለአንድ ሰው፣ ሌሎቹ ለቡድን ሲሆኑ የሚቆጠሩት በየ30 ደቂቃው ነው። በእነዚህ የሚከፍሉ የግል ኢንሹራንሶች አሉ፤ እንደ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ ባሉ ክፍለ ግዛቶችም አነስተኛ ገቢ ላላቸው የተዘጋጀው ሜዲኬይድ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ትምህርት ይጠቀምባቸዋል። ነርሷ በመተላለፊያው ላይ «ጨው ይቀንሱ» ብትልዎ ግን ያ ኮድ የለውም፤ ቢልም አይወጣበትም።

ተረት 2፦ «ሐኪሙን ሳላይ ቢል ከመጣብኝ ማጭበርበር ነው»

እውነቱ፦ የግድ አይደለም። ነርስ ብቻዋን ላየችው ታካሚ የተዘጋጀ ሕጋዊ ኮድ አለ፤ 99211 ይባላል። ብዙ ሰው «የነርስ ቪዚት» የሚለው ይህንኑ ነው።

ኮዱ የሚሠራው ግን ቅድመ ሁኔታዎቹ ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ታካሚው ለክሊኒኩ አዲስ መሆን የለበትም፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በዚያው ሐኪም ወይም በዚያው ቡድን ውስጥ ባለ ተመሳሳይ ሙያ ሐኪም የታየ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሕመሙን መርምሮ የሕክምናውን መንገድ የቀየሰው ሐኪሙ መሆን አለበት፤ ነርሷ የምትሠራው እሱ በጀመረው ላይ ነው። ሦስተኛ፣ የጉብኝቱ ሕክምናዊ ምክንያት በመዝገቡ ላይ መስፈር አለበት። አራተኛ፣ በሜዲኬር ደንብ ሐኪሙ ነርሷ በምትሠራበት ሰዓት እዚያው ክሊኒክ ውስጥ፣ ሲፈለግ ወዲያው የሚደርስ መሆን አለበት። ከእርስዎ ጋር ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አይጠበቅበትም። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በቀጥታ የቪዲዮ ግንኙነት መገኘቱም ተቀባይነት አግኝቷል፤ በድምፅ ብቻ በስልክ ላይ መሆኑ ግን አይበቃም።

ከዚህ አንጻር ሕጋዊ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ይቻላል። ሐኪሙ ባለፈው ወር የደም ግፊት መድኃኒትዎን ቀይሮ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ነርሷ ትለካዎ፣ አወሳሰድዎንም ታረጋግጥ» ብሎ ካዘዘ፣ ነርሷም ለክታ፣ ስለሚሰማዎት ጠይቃ፣ አስተምራ ከጻፈች 99211 ተገቢ ነው። ደም ለመቅዳት ወይም መርፌ ለመወጋት ብቻ ሄደው ከሆነ ግን እነዚያ የራሳቸው ኮድ ስላላቸው ይህ ሊተካቸው አይችልም። ስልክ ደውለው መድኃኒት ብቻ ካሳደሱም አይገባም። በዚያው ቀን ሐኪሙ ራሱ አይቶዎት የራሱን ጉብኝት ካስከፈለ ደግሞ 99211 ተደርቦ ሊመጣ አይገባም። ሐኪሙ በአካልም በቪዲዮም በሌለበት ቀን ነርሷን ብቻ አስቀምጦ በሐኪሙ ስም ሜዲኬርን ማስከፈል ከባድ ጥፋት ነው፤ ክሊኒኩን በፌዴራል ሕግ ሊያስጠይቀው ይችላል።

ተረት 3፦ «ነርስ ሁሉ ያው ነርስ ነው»

እውነቱ፦ በቢል ዓይን ልዩነቱ ሰፊ ነው። አርኤን የምንላት ሬጂስተርድ ነርስ በራሷ ስም ለሜዲኬር ቢል አትልክም፤ ሥራዋ የሚከፈለው በሐኪሙ ወይም በድርጅቱ በኩል ነው። ኤልፒኤን የምትባለው ላይሰንስድ ፕራክቲካል ነርስም እንደዚያው። ነርስ ፕራክቲሽነር ግን ተጨማሪ ዲግሪና ፈቃድ ያላት፣ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ባለሙያ ናት። ከ1998 መጀመሪያ አንስቶ፣ በ1997 በወጣው የበጀት ሕግ መሠረት፣ በከተማም ሆነ በገጠር በራሷ ቁጥር ሜዲኬርን ታስከፍላለች፤ የሚከፈላትም ለሐኪም ከሚከፈለው 85 በመቶ ነው።

ስለዚህ ነርስ ፕራክቲሽነር ተቀምጣ ስለ ስኳርዎ ካስተማረችዎ ያ እንደ ሐኪም ጉብኝት የሚቆጠር ሙሉ ቀጠሮ ነው፤ የቢሉ መጠንም ከ99211 በጣም ይበልጣል። ደረቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ማንበብ፣ ወይም «እርስዎ አርኤን ነዎት ወይስ ነርስ ፕራክቲሽነር?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። የትኛው ቢል እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚነግርዎት ይህ ነው።

ተረት 4፦ «ነርሷ ረጅም ሰዓት ስላስተማረችኝ ሐኪሙ በዚያ ሰዓት አስከፈለኝ»

እውነቱ፦ ከ2021 ጀምሮ የክሊኒክ ጉብኝት ኮድ የሚመረጠው ከሁለት በአንዱ ነው፦ በሕክምናው ውሳኔ ክብደት፣ ወይም ሐኪሙ ወይም ነርስ ፕራክቲሽነሯ ራሳቸው በዚያ ቀን ለእርስዎ ባዋሉት ጠቅላላ ጊዜ። አርኤንም ሆነች ሜዲካል አሲስታንት ከእርስዎ ጋር ያሳለፉት ደቂቃ በዚህ ውስጥ አይደመርም።

የዚህን ትርጉም ልብ እንበል። ነርሷ አርባ ደቂቃ ብታስተምርዎና ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ቢያይዎት፣ በጊዜ ከተሰላ የሚቆጠረው የሐኪሙ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ለታካሚው ይህ መልካም ነው፤ ለነርሷ ግን ያሳዝናል። የክሊኒኩን ቀን የሚሞላው የነርሷ ማስተማር በአብዛኛው በቢል ላይ አይታይም። አንዳንድ ክሊኒኮች የነርሶችን የማስተማር ጊዜ የሚያሳጥሩት ገቢ አያመጣም ብለው ነው። ታካሚ «ነርሷ ታስረዳኝ» ብሎ ሲጠይቅ ይህ አገልግሎት እንደሚፈለግ ለክሊኒኩ ያሳያል።

ተረት 5፦ «ሜዲኬር ለስኳር ትምህርት አይከፍልም»

እውነቱ፦ ይከፍላል፤ ሳይጠቀሙበት ከሚቀሩት መብቶችም አንዱ ይህ ነው። የስኳር ሕመምተኛው ራሱን እንዲንከባከብ የሚሰጠው ሥልጠና በሜዲኬር ሕግ ውስጥ የገባው በዚያው በ1997ቱ የበጀት ሕግ ነው። አንድ ታካሚ በመጀመሪያው 12 ወር ውስጥ እስከ 10 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እስከ 2 ሰዓት ሥልጠና ማግኘት ይችላል። ኮዶቹ ጂ0108 ለግል፣ ጂ0109 ለቡድን ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የ30 ደቂቃ ናቸው።

እዚህ ላይ ማን እንዳስተማረ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ፕሮግራም ሥር እንዳስተማረ ይጠየቃል። ፕሮግራሙ በአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ወይም በስኳር ሕመም አስተማሪዎች ማኅበር እውቅና ያገኘ መሆን አለበት። በውስጡ የሚያስተምሩት ነርስ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ወይም ፋርማሲስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቢሉን የሚልከው ግን ድርጅቱ ነው። ምንም እውቅና በሌለው ክሊኒክ ውስጥ ያለች ነርስ ምንም ያህል ብትራቀቅ በእነዚህ ኮዶች ማስከፈል አይቻልም። በተጨማሪም ስኳርዎን የሚከታተለው ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር በጽሑፍ ማዘዝ አለባቸው፤ ታካሚው በራሱ ተነስቶ ቢሄድ ሜዲኬር አይከፍልም።

ለአማርኛ ተናጋሪው ልዩ ጥቅም ያለው አንድ ነጥብ አለ። በመደበኛው አሠራር ከ10ሩ ሰዓት 9ኙ በቡድን፣ 1ዱ በግል ነው የሚሰጠው። ይሁን እንጂ ደንቡ ቡድን ውስጥ ገብቶ መማር ለማይችል ሰው በግል እንዲማር ይፈቅዳል፤ ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች መካከልም ከባድ የማየትና የመስማት ችግር፣ እንዲሁም የቋንቋ ችግር ይገኛሉ። በሁለት ወር ውስጥ የሚጀመር የቡድን ትምህርት ከሌለም እንዲሁ። ይህ የሚሆነው ግን ሐኪሙ ምክንያቱን በማዘዣው ላይ ከጻፈ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የማይከተሉ እናት ወይም አባት ያላችሁ ልጆች፣ ማዘዣው ሲጻፍ «ቋንቋው ስለሚያስቸግራቸው የግል ትምህርት ይሁንላቸው» ብላችሁ ሐኪሙን አሳስቡ። ይህች አንዲት መስመር በማይገባ ቋንቋ በዝምታ ተቀምጦ በመዋልና ጠይቆ በመረዳት መካከል ያለውን ልዩነት ታመጣለች።

ክፍያውስ? ለዚህ ሥልጠና የሜዲኬር ክፍል ቢ የዓመቱ ዲዳክተብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ራሱ የሚሸፍነው) ከተሟላ በኋላ 20 በመቶው የታካሚው ድርሻ ነው። ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ አገልግሎት አለ፤ የሥነ ምግብ ሕክምና ይባላል። እሱን የሚሰጠው ነርስ ሳይሆን የተመዘገበ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው፤ ስኳር ወይም እጥበት ላይ ያልደረሰ የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው በመጀመሪያው ዓመት 3 ሰዓት፣ ከዚያ በየዓመቱ 2 ሰዓት ይሰጣል። ሐኪም ካዘዘው ታካሚው ከኪሱ ምንም አይከፍልም። ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል፤ በአንድ ቀን ግን አይደረቡም። የጤፍ እንጀራ ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ፣ በጾም ወራት መድኃኒት እንዴት እንደሚስተካከል፣ በረመዳን የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ ምን መጠንቀቅ እንዳለበት የምንጠይቅበት ቦታ እነዚህ ቀጠሮዎች ናቸው። የእኛን ማዕድ ለማያውቅ ባለሙያ የምንበላውን ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው።

ተረት 6፦ «የኩላሊት ትምህርትም በዚያው መንገድ ይከፈላል»

እውነቱ፦ አይደለም። ከ2010 ጀምሮ ሜዲኬር የኩላሊት ሕመማቸው አራተኛ ደረጃ ለደረሰ ሰዎች እስከ 6 ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይሸፍናል። ስለ አመጋገብ፣ ስለ እጥበት ዓይነቶችና ስለ ንቅለ ተከላ የሚማሩበት ነው። ነገር ግን እንዲያስተምሩ የተፈቀደላቸው ሐኪም፣ የሐኪም ረዳት የሚባለው ባለሙያ፣ ነርስ ፕራክቲሽነርና ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስት ናቸው። አርኤን ብቻዋን ያስተማረችው በዚህ ሽፋን አይከፈልም። ሐኪምዎ «አራተኛ ደረጃ ደርሷል» ካለዎት ይህን የኩላሊት ትምህርት ይጠይቁ፤ ስለ እጥበት ተረጋግቶ መወሰን የሚቻለው እጥበቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ተረት 7፦ «ነርሷ የምትደውልልኝ ለደኅንነቴ ስለሆነ ስልኩ ነፃ ነው»

እውነቱ፦ በየወሩ የሚደወለው ስልክ የሚከፈልበት አገልግሎት ሊሆን ይችላል። ከ2015 ጀምሮ ሜዲኬር ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ላሉባቸው ሰዎች ወርኃዊ ክትትል ይከፍላል። ኮዱ 99490 ሲሆን የክሊኒኩ ሠራተኞች፣ በአብዛኛው ነርሶች፣ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ ለታካሚው ካዋሉ ይጠየቃል። የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ማስተያየት፣ ማስተማር፣ ከስፔሻሊስት ጋር ማገናኘት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። እዚህ ሐኪሙ በዚያች ሰዓት ክሊኒኩ ውስጥ መገኘት አያስፈልገውም።

ቢሉ የሚያስደነግጠው ፈቃዱ በምን መልክ እንደተሰጠ ታካሚው ስለማያስታውስ ነው። ክሊኒኩ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድዎን መጠየቅ አለበት፤ ፈቃዱ በቃልም ሊሆን ይችላል፤ በመዝገብ ላይ ግን መስፈር አለበት። 20 በመቶ ድርሻ እንደሚኖርብዎት፣ በአንድ ወር ከአንድ ሐኪም በላይ ሊያስከፍልበት እንደማይችል፣ በፈለጉ ጊዜም ማቆም እንደሚችሉ ሊነግሩዎት ይገባል። በስልክ ላይ ያልገባዎትን እንግሊዝኛ «የስ፣ የስ» ብለው አይለፉት። አገልግሎቱ ራሱ ግን መጥፎ አይደለም፤ ብዙ መድኃኒት ለሚወስዱና ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ትልቅ ረዳት ነው። የሚያስፈልገው አውቆ መግባት ብቻ ነው።

ተረት 8፦ «አስተርጓሚ ከጠየቅኩ ቢሉ ላይ ይጨመራል»

እውነቱ፦ አይጨመርም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚቀበል ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ሥር ይወድቃል። የራስዎን አስተርጓሚ ይዘው እንዲመጡ ሊያስገድዱዎት አይችሉም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በአደጋ ጊዜ፣ ሌላ አስተርጓሚ እስኪገኝ ካልሆነ በቀር ማስተርጎም አይፈቀድለትም። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሊያገለግሉበት ከሚገባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል።

ይህ ተረት ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። የኢንሱሊን መጠን በምልክት ወይም በአሥር ዓመት ልጅ አፍ የሚተረጎም ነገር አይደለም። አስተርጓሚ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም፤ መብት ነው፤ የነርሷንም ሥራ ያቀልላታል።

ተረት 9፦ «ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ቢል ከመጣ አንዱ ስህተት ነው»

እውነቱ፦ ክሊኒኩ የሆስፒታል ንብረት ከሆነ ሁለት ቢል ሊመጣ ይችላል፦ አንዱ ለባለሙያው፣ ሌላው ለቦታው። ውጪው ተራ ክሊኒክ የሚመስል ሕንፃ በሕግ የሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ነርስ ብቻ ያየችው ታካሚም የቦታ ክፍያ ሊመጣበት ይችላል። ቀጠሮ ሲይዙ «ይህ ክሊኒክ የሆስፒታል ክፍል ነው? የቦታ ክፍያ አለው?» ብለው ይጠይቁ። ያው ትምህርት በግል ሐኪም ክሊኒክ ቢሰጥ ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ተረት 10፦ ነርሶች የሚሉት፣ «አስተምሬዋለሁ፣ ይበቃል፤ መጻፉ የቢሮ ሥራ ነው»

እውነቱ፦ በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ይህ ለእነሱ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል በቢል ሕግ ውስጥ ቃል በቃል ይሠራል። ያልተጻፈ ትምህርት ለኢንሹራንስ እንዳልተሰጠ ነው። ማስታወሻው ማን እንዳዘዘ፣ ለየትኛው ሕመም እንደሆነ፣ ምን እንደተማረ፣ በምን ቋንቋና በማን አስተርጓሚነት እንደተሰጠ፣ ታካሚው መልሶ በራሱ አንደበት ምን እንዳለ ወይም በእጁ ምን እንዳሳየ መያዝ አለበት። በጊዜ በሚቆጠሩት ኮዶች ላይ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት ይጻፋል። «ታካሚው ተምሯል» የምትል አንዲት መስመር ለከፋዩም አትበቃም፤ በማግስቱ ታካሚውን ለምትረከበው ነርስም አትጠቅምም። ሐኪሙ በአካልም በቪዲዮም በሌለበት ቀን ለነርስ ቪዚት በስሙ ቢል እንዲወጣ ከተጠየቃችሁ ደግሞ እምቢ በሉ፤ ፈቃዳችሁም ክብራችሁም የሚጠበቀው በዚያ ነው።

ተረት 11፦ «ቢል ከመጣ መክፈል ነው፤ ሌላ መንገድ የለም»

እውነቱ፦ መንገድ አለ፤ ቅደም ተከተልም አለው።

በመጀመሪያ የመጣው ወረቀት ቢል መሆኑን ያረጋግጡ። ኢንሹራንሱ የሚልከው የክፍያ ማብራሪያ ከቢል ጋር ይመሳሰላል፤ ላዩ ላይ ግን «ይህ ቢል አይደለም» ተብሎ ተጽፎበታል። የሜዲኬር ማጠቃለያ ወረቀትም እንዲሁ ነው። ክሊኒኩ ቢል ከላከ ከዚያ ማብራሪያ ጋር ያስተያዩት፤ «የታካሚው ድርሻ» ከሚለው በላይ ከተጠየቁ የሚያነጋግር ነገር አለ።

ቀጥሎ ዝርዝር ቢል ይጠይቁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ኮዱ፣ ቀኑና የባለሙያው ስም ይታያል። የሕክምና መዝገብዎንና የቢል መዝገብዎን የማየት መብት አለዎት፤ ክሊኒኩም በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። በሁለቱ ላይ አራቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ ማን አስተማረ፣ ማን አዘዘ፣ የት ተሰጠ፣ ምን ተጻፈ። አንዱ ካልተሟላ ለክሊኒኩ የቢል ክፍል ይደውሉ፤ ብዙ ስህተት እዚያው በስልክ ይታረማል።

ካልታረመ ይግባኝ አለ። በመደበኛው ሜዲኬር የማጠቃለያ ወረቀቱን ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ 120 ቀን፣ በአብዛኛው የግል ኢንሹራንስ 180 ቀን አለዎት። ስለ ሜዲኬር በየክፍለ ግዛቱ ያለ ክፍያ የሚያማክር የጤና ኢንሹራንስ ድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ በሜዲኬር ስልክ፣ በ1-800-633-4227፣ አስተርጓሚ ጠይቆ መነጋገርም ይቻላል።

ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ አረጋውያን ደግሞ ትልቅ ከለላ አለ። ክፍለ ግዛታቸው በሜዲኬይድ በኩል የሜዲኬር ድርሻቸውን የሚሸፍንላቸውና ኪውኤምቢ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ሰዎችን ሜዲኬር ለሚሸፍነው አገልግሎት ያንን 20 በመቶ ወይም ዲዳክተብል መጠየቅ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ይህን ሳያውቁ ከጡረታቸው ቆጥበው የሚከፍሉ አሉ። እናትዎ ወይም አባትዎ በዚህ ውስጥ መሆናቸውን ያጣሩ፤ ካልሆኑም ይመለከታቸው እንደሆነ ይጠይቁ።

ኢንሹራንስ የሌለው ሰውም መብት አለው። ከ2022 ጀምሮ ቀጠሮ የያዘ ወይም ዋጋ የጠየቀ ከኪሱ ከፋይ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ማግኘት አለበት፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መሞገት ይችላል። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ደግሞ አቅም ለሌለው ሰው የገንዘብ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ቢል አንስቶ እስከ 240 ቀን ድረስ ይቀበላሉ።

ከቀጠሮው በፊት የሚጠየቁ

ከዚህ ሁሉ ለማስታወስ የሚበጁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የሚያስተምረኝ ማን ነው፤ አርኤን፣ ነርስ ፕራክቲሽነር ወይስ የሥነ ምግብ ባለሙያ? በየትኛው ኮድ ነው የሚጠየቀው? ሐኪሜ በጽሑፍ አዝዟል? ቦታው የሆስፒታል ክፍል ነው? የአማርኛ አስተርጓሚ ተይዞልኛል? ኮዱን ይዘው ከኢንሹራንስ ካርድዎ ጀርባ ባለው ስልክ ቢደውሉ የእርስዎ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይነግሩዎታል።

ወገኖቻችን የቢልን ፍርሃት ከሕመሙ ፍርሃት ማስቀደም የለባቸውም። የሁለት ሰዓት የስኳር ትምህርት የሚያስከፍለው ገንዘብ ይታወቃል፤ መጠየቅም፣ መሞገትም፣ እርዳታ ማግኘትም ይቻላል። ባለመማር የሚመጣው የእግር ቁስል፣ የዓይን ጉዳት፣ የኩላሊት መድከም ግን ይግባኝ የሚባልበት ቢሮ የለውም። ስለዚህ የታዘዘልዎት ትምህርት ካለ ቀጠሮውን ይያዙ፤ ጥያቄዎን ይዘው ይሂዱ፤ ነርሷንም እስኪገባዎ ድረስ ይጠይቁ። ቢሉ ሲመጣ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡት፤ ማንበብ ካስቸገረዎት ልጅዎን፣ ጎረቤትዎን ወይም ነፃ አማካሪውን አብረው እንዲያዩት ይጥሩ።